ሁለት ክዳን በአንድ ታንክ

ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ከተቀመጠ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። አንድ ገጽ ነው፤ ከላይ ማኅተም፣ ከታች ባዶ የፊርማ መስመር፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር፦ «ጉዳቱ የደረሰው ገበሬዎቹ ከተነገራቸው መጠን በላይ ፀረ አረም በመጠቀማቸው ነው።» የአረም ባለሙያዋ ይህችን ከፈረመች ነገሩ ጭጭ ይላል። ካልፈረመች ደግሞ አያድርስ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እስክሪብቶውን ስታነሳ፣ መልሳ ስትጥል፣ መስኮቱን ስትከፍት፣ መልሳ ስትዘጋ ቆየች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው በዘር ናሙና ካርቶን ተሞልቶ ወንበሯን ወደ ኋላ እንኳ መግፋት አይቻልም።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ፀደይ ገብቶ መሬቱ ሞቅ ሲል በቆሎ ይዘራል። በቆሎ ደግሞ ምስኪን ነው፤ እሱ ገና ዐይኑን ሳይገልጥ አረሙ ቀድሞት ይሰለፋል። የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀናት አረም የተጫወተበት በቆሎ፣ ኋላ ቢኮተኩቱትም ቢለማመኑትም ወገቡ አይቀናም። ስለዚህ የምትሠራበት የግብርና ጽሕፈት ቤት ዘንድሮ አዲስ ምክር አወጣ፦ በተዘራ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ቡቃያው ብቅ ሳይል፣ አፈሩ ላይ ፀረ አረም ይረጭ። መጠኑን ለክታ ለገበሬው በሚለጠፍ ካርድ ላይ እንድትጽፍ የታዘዘችው እሷ ናት። ሥራ ከጀመረች አራት ወሯ ነበር፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ወር ይቀረዋል።

አለካኩ ያን ያህል ጥበብ የለውም። መርጫውን ጀርባ ላይ ያዝላሉ፣ እስከ ምልክቱ ንጹህ ውሃ ይሞሉታል፣ መቶ ሜትር እየረጩ ይሄዳሉ። ከዚያ በጆግ እየለኩ መልሰው እስከ ምልክቱ ይሞላሉ። የገባው ውሃ መሬቱ የጠጣው ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ታንኩ ውስጥ በጠርሙሱ ክዳን እየተለካ ስንት ክዳን መድኃኒት እንደሚጨመር ይሰላል። ሁሉም ነገር ያለው አረማመዱ ላይ ነው። ፈጥኖ የሚሄድ ሰው መሬቱን ትንሽ ያጠጣዋል፣ ቀስ የሚል ብዙ።

ይህን ታውቃለች፤ ተምራዋለች፤ ተፈትናበታለች። ግን በዚያ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «ካርዱ ከምሳ በፊት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት፣ ቶሎ በይ እንጂ እህቴ!» ይላል። መርጫውን ማን ይዘለው? ሾፌሩ አጠገባቸው ነበር። «ጥድፊያ» ነው የሚሉት፤ ሰውየው መኪና ሲነዳም፣ በእግሩ ሲሄድም፣ ሲበላም ያው ነው። ብድግ አድርጎ አዘለና ተፈተለከ፤ መቶ ሜትሯን ጨርሶ ሲመለስ ትንፋሹ እንኳ አልተለወጠም። ሞሉ፤ አንድ ጆግ ከሩብ። አሰላችና ጻፈች፦ ሁለት ክዳን በአንድ ታንክ። ሌላ ሰው ይለካ፣ ዘገም የሚል ሰውም ይሞከር ማለት ነበረባት። ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነበር። ኃላፊው ወረቀቱን ከእጇ ነጠቀና ሄደ፤ እሷም ዝም አለች።

ካርዱ ታተመ፤ በየእህል መደብሩ፣ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየጎተራው በር ተለጠፈ። ገበሬዎቹማ ስሟን ትተው «ሁለት ክዳን» ይሏት ጀመር። «ሁለት ክዳን መጣች፣ ወንበር ስጧት!» ይሏታል፤ ትስቃለች። አቤት፣ ያኔ እንዴት ደስ ይላት ነበር!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡቃያው ወጣ። የብዙው ሰው ማሳ አረንጓዴ ነው፤ አረምም የለበትም፤ እሰየው። የሃያ ሦስት ሰዎች በቆሎ ግን ነጭ ሆኖ ወጣ። ወረቀት የመሰለ ነጭ፣ ጫፉ የተጠመዘዘ፣ በጣት ሲነኩት የሚልፈሰፈስ። ከሃያ ሦስቱ አንዱ የገዛ አባቷ ናቸው።

መጀመሪያ እሷም እንደማንኛውም የቢሮ ሰው ጠረጠረች፦ ክዳን ጨምረው ይሆናል አለች። ግን አባቷን ማን አያውቃቸውም! ካርዱን መኝታቸው አጠገብ ለጥፈው «ልጄ የጻፈችው ነው» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ የሚያሳዩ ሰው ናቸው። ክዳኑን ሲለኩ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። አንድ ጠብታ ቢተርፍ መልሰው ጠርሙሱ ውስጥ ይከቱታል። «እስቲ እንዴት እንደረጨህ አሳየኝ አባባ» አለቻቸው። መርጫውን አዘሉ፤ ሄዱ።

እሷም ቆማ አየች። ከዓመታት በፊት ከጎተራ ጣሪያ ወድቀው ግራ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ይጎትቱታል። አንድ እርምጃ፣ ቆም፤ አንድ እርምጃ፣ ቆም። ልጅ ሆና እጃቸውን ይዛ ገበያ ስትሄድ የለመደችው አረማመድ ነው፤ ስለለመደችው አስተውላው አታውቅም። ክው አለች። መቶ ሜትሩን ሲጨርሱ በጆግ ሞላች፤ ሁለት ጆግ ተኩል ገባ። እጥፍ!

ያን ቀን የጉዳተኞቹን ዝርዝር ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ባልቴት፣ የአባቷ የማሳ ጎረቤት፣ ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት፤ ሳንባው የታመመው አናጢ፤ ሰማንያ የደፈኑት ወንድማማቾች። ሃያ ሦስቱም ቀስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም አንዲት ክዳን አልጨመሩም። ያጠፋው ካርዱ ነው፤ ካርዱን ደግሞ የጻፈችው እሷ ናት። ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ ኃላፊው ዘንድ ገባችና አንድ ሳታስቀር ነገረችው። እሱ እንኳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ።

«ለማን ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም። ግን እኮ ጊዜ የለንም! የመዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ አሥር ቀን ነው የቀረው። ማሳው ተገልብጦ ታርሶ እንደገና መዘራት አለበት። ምትክ ዘሩ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል።»

«ደንቡን ታውቂያለሽ። ምትክ ዘር የሚወጣው ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያንን የምትፈርመው ደግሞ ባለሙያዋ ናት።»

«ታዲያ ልፈርም።»

«ፈርሚያ! ግን ከፈረምሽ በኋላ የሙከራ ጊዜሽን ማን ያጸድቅልሻል? የምትኖሩበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ ነው። አባትሽን ይዘሽ የት ልትገቢ ነው? እኔስ ብሆን? አንቺን ያጣደፈሽ ማነው ሲሉኝ ምን ልል ነው?» ተነስቶ በሩን ዘጋ። «በነጭ በቆሎ ማንም አልሞተም። አንድ ዓመት ይጎዳሉ፣ ከርሞ ያገግማሉ።»

ደሟ ፈላ። አንድ ዓመት ይጎዳሉ! እትዬ ከዚያች ከአንድ ማሳ ሌላ ምን አላቸው? ግን ቤቱ ሲነሳባት አባቷን አሰበች። ኃላፊው ወረቀቱን አስይዞ አሰናበታት፤ ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ያ ሦስት ቀን የመጣው። እንዲህ ብትዞር ግድግዳ፣ እንዲያ ብትዞር ግድግዳ። ኮሪደሩ ላይ የሚያገኛት ሁሉ «ፈረምሽ?» ይላታል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር። መንገድ ላይ ደግሞ ከሃያ ሦስቱ አንዱ ያገኛትና ባርኔጣውን አንስቶ «ሁለት ክዳን፣ ዘሩ መቼ ነው?» ይላታል። ማንም አልተቆጣትም፤ አንጀቷን የበላው እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ጭቃ ይፍቃሉ። አጠገባቸው ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ካርዱንም፣ ወረቀቱንም፣ ቤቱንም። «ነገ ከጉዳተኞቹ ጋር ስብሰባ አለ። እዚያው እናገራለሁ። እንግዲህ የመጣው ይምጣ» አለች።

አባቷ የግራ ጫማቸውን መፋቅ አቆሙ። «ስለዚህ ያበላሸው የኔ እግር ነው በይኛ» አሉ።

«አይደለም! የኔ ካርድ ነው።»

«ካርድሽ ደህና ካርድ ነው። ሰዉ ሁሉ ያመሰግነዋል።» ጫማቸውን አራገፉና ተነሱ። «የኔ እናት፣ ይህን ሥራ ለማግኘት ስንት ዓመት ተማርሽ?»

«አባባ፣ ይኼን ትተህ—»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«አሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስት» አሉ ለራሳቸው፤ ወደ ውስጥ ገቡ። እሷም ገባቸው ብላ አሰበች። ምኑ ይገባቸዋል! ጠዋት ስትነሳ አልጋቸው ባዶ ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ማሳቸውን ሊያዩ ወጥተዋል ብላ ቸል አለች።

ስብሰባው መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ነው። ሃያ ሦስቱም መጥተዋል፤ ግማሹ ጆንያ ላይ፣ ግማሹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንዳንዱ ለዘሩ የሚሆን ባዶ ከረጢት ሁሉ አጣጥፎ ይዟል። መጋዘን ጠባቂዋ ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሩን ተደግፋለች። አባቷ ፊት ለፊት፣ ኃላፊው አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ለምን እዚያ?

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ፣ አላደክማችሁም። ዛሬ ጠዋት አንድ አባት በራሳቸው ፈቃድ መጥተው ቃላቸውን ሰጥተዋል።» ወረቀት አወጣና አነበበ። «‹እኔ አረሙ እንዲጠፋልኝ ጓጉቼ በሁለት ክዳን ፈንታ አራት ክዳን ጨምሬያለሁ። ጎረቤቶቼንም አራት ጨምሩ ብዬ የመከርኩ እኔ ነኝ። ካርዱ ስህተት የለበትም።›» ከታች የጣት አሻራ አለ። ሐምራዊው ቀለም ገና ከአባቷ አውራ ጣት አልለቀቀም።

ግቢው ተደበላለቀ።

«ምን? አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የመከርከኝ?» አለ አናጢው እያሳለ።

«ኧረ በሕግ! አራት ክዳን? እኔ?» እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጋሼ፣ ከአርባ ዓመት የማሳ ጉርብትና በኋላ በኔ ላይ?»

አባቷ መሬት መሬቱን ያያሉ። ጆሯቸው ቀልቷል። በሕይወታቸው ሰው አስቀይመው የማያውቁ ሰው በሃያ ሁለት ጎረቤት ፊት ውሸታም ሆነው ተቀምጠዋል፤ እሷን ግን ቀና ብለው አላዩአትም። እግር ከወርች ታሰረች። ዝም ብትል ሃያ ሦስት ሰው ያለ ዘር ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። ብትናገር አባቷን ሰው ፊት ልታዋርድ ነው። ኃላፊው ደግሞ ይህ እንዳይበቃት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና «የሐሰት ቃል ሰጥቶ የተገኘ ገበሬ ከምትክ ዘር ዝርዝር ይሰረዛል፤ ደንቡን አስቢ» አላት። ይኸው ነው እንግዲህ፤ እውነቱን ብትናገር ሁሉም ዘር ሲያገኝ አባቷ ብቻ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነው።

«መርጫ አምጡልኝ» አለች።

«ለምን?» አለ ኃላፊው።

«እንለካ። ሰዉ ፊት። ክዳን ማንም እንዳልጨመረ አሳያለሁ። እትዬ ይሂዱ፣ ወይም አናጢው።»

ኃላፊው ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ። «መልካም። ግን ቃል የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይሂዱ። አንድ ጊዜ ይበቃል።»

እሷም ልቧ ቀለለ። ሞኝ ናት! ለውጥ የለውም፣ ማንም ሄደ ማን እግሩ ይናገራል ብላ አሰበች። አባቷ እንደ ወትሯቸው ይሄዳሉ፤ ሁለት ጆግ ተኩል ይገባል፤ ሰው ሁሉ ያያል። ስለ ዝርዝሩ በኋላ ኃላፊው እግር ላይ ወድቃ ትለምነዋለች። መርጫው መጣ፤ እስከ ምልክቱ ተሞላ። ማንገቻውን ትከሻቸው ላይ ስታስተካክል «እንደ ወትሮህ ሂድ አባባ፤ እንደ ወትሮህ ብቻ» አለቻቸው። ያኔ ነው ቀና ብለው ያዩአት።

ከግቢው በር እስከ አጥሩ መቶ ሜትር ተለክቷል። ሾፌሩ ጥድፊያ እጁን አወረደ። አባቷ ተነሱ።

ሮጡ!

ሮጡ ስላችሁ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። እሳቸው ግን የሚጎትቱትን እግር በግድ እየወረወሩ፣ በአንድ እጃቸው የመርጫውን ፓምፕ እየነፉ፣ በሌላው እየረጩ፣ አሥራ ስድስት ሊትር ውሃ ጀርባቸው ላይ እየተንቦጨቦጨ ሄዱ። መሃል ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸው ወደቀ፤ አልቆሙም። ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ግራ እግራቸው መሬቱን በነካ ቁጥር ከአፋቸው «እህ» የምትል ድምፅ ታመልጣለች፤ እስከ ግቢው ማዶ ድረስ ትሰማለች። እትዬ «ኧረ አስቁሟቸው፣ ኧረ ይገላቸዋል!» አሉ። ማንም አላስቆማቸውም። አጥሩን በእጃቸው ያዙና ቆሙ፤ ጀርባቸው ብቻ ይርገበገባል።

ባለሙያዋ ጆጉን ይዛ ሄደች። አንድ ጆግ ገባ። ሁለተኛውን ማፍሰስ ጀመረች፤ ግባ፣ እባክህ ግባ እያለች፤ ሩብ ላይ ሲደርስ ውሃው ምልክቱን ነካ። አንድ ጆግ ከሩብ። ልክ ካርዱ እንደተሰላበት፣ ጠብታ ሳይጨምር ጠብታ ሳይቀንስ።

«ስንት ሆነ?» ብሎ ጮኸ ኃላፊው ከማዶ። «ጮክ ብለሽ ንገሪያቸዋ!»

አባቷ ዞረው አዩአት። ላባቸው አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን ፈገግ ብለዋል። ፈተና ያለፈ ሰው ነበር የሚመስሉት። ያን ፈገግታ እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳውም።

«አንድ ከሩብ» አለች። ሰው ሁሉ ሰማ። ኃላፊው «ካርዱ ልክ ነው ማለት ነው!» ብሎ ያንን ያልፈረመችውን ወረቀት አንስቶ እስክሪብቶ ዘረጋላት፤ ሄዳ ተቀበለችው። ጆንያዎቹን፣ ባዶ ከረጢቶቹን፣ የእትዬን ፊት አየች። ከዚያ ያቺን ዐረፍተ ነገር በአንድ መስመር ሰረዘቻት።

«አባቴ እንዲህ አይሄድም» አለች። «ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንዲህ የሚሄደው ሾፌሩ ነው። እኔ ካርዱን የለካሁት በሾፌሩ እግር ነው፤ በናንተ እግር አይደለም። ቀስ የሚል ሰው ማሳው እጥፍ እንደሚጠጣ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። አባቴ የፈረመው ውሸት ነው፤ ለኔ ብሎ ነው።» ይህንኑ ከሰረዘችው በታች ጻፈችና ፈረመች። ወረቀቱን ለመጋዘን ጠባቂዋ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አንብባ ኃላፊውን ቀና ብላ አየችና ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

በሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ ተነሳ። ሰው ምን ያድርግ፣ አሥር ቀን የነበረው ስድስት ቀን ሆኗል። ከረጢታቸውን እየዘረጉ ተሰለፉ። ኃላፊው ማንንም ሳያናግር ወደ ቢሮው ሄደ። መጋዘን ጠባቂዋ ዝርዝሩን ከላይ እየጠራች አንድ ስም ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ በእስክሪብቶዋ ሰረዘችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

አባቷ አሁንም አጥሩ ጥግ ናቸው። መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ መርጫውን ከጀርባቸው ማውረድ አቅቷቸዋል። ሄዳ ተንበረከከችና ማንገቻውን ልትፈታ እጇን ስትዘረጋ እጇን ይዘው ከለከሏት። ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም።

«የሮጥኩት ላንቺ ነበር እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ አባባ።»

«ልትናገሪ ከሆነ» አሉ፤ ግራ እግራቸውን በሁለት እጃቸው እያሻሹ፤ «ልትናገሪ ከሆነ፣ ታዲያ ለምን አስሮጥሽኝ?»